የቤት ኔትወርክ ኬብል ዝርጋታ፣ ደሴ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መጋቢት፣ ሁለተኛ ሳምንት። ልኬት

ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ። ዋናው አያቴ በድንጋይና በጭቃ ያሠራው ነው፤ ግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ከኋላው በብሎኬት የተቀጠሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፣ አንዱ የሥራ ክፍሌ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ከዋናው ቤት 28 ሜትር ርቆ ከግቢው ማዶ ነው። ግድግዳው ጭቃ ሲሆን ዝናብ በሚመታው በኩል ቆርቆሮ ለብሷል። እዚያ ሁለት ተከራዮችና ታናሽ ወንድሜ ይኖራሉ። ወንድሜ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለሚማር የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው። ሁለት ሰው የሚፈልገው ሥራ ሁሉ ለእሱ ቀን ይቆያል።

የፋይበሩ (ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ክር) ሞደም የተሰቀለው ሳሎን በር ሥር ነው። በስልክ አፕ የዋይፋዩን ጉልበት ክፍል በክፍል ለካሁት። ሳሎን -42 ዲቢኤም፣ መኝታ ቤት -69፣ የሥራ ክፍሌ -79፣ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ -86፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ መጠን ሲግናሉ ደካማ ነው፣ ከ-70 ካለፈ የቪዲዮ ጥሪ መቆራረጥ ይጀምራል። ክረምት ሲገባ ይብሳል፤ የጭቃ ግድግዳ ውሃ ሲጠጣ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ወደ መጣበት ይመልሰዋል።

ያለፈው ዓመት ሪፒተር ተገዝቶ ነበር። ሪፒተር የተዳከመውን ሲግናል ተቀብሎ በዚያው ሬዲዮ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱ ቢያንስ በግማሽ ይወርዳል። ለመልእክት ይበቃል። እኔ የሕንፃ ፕላን ነው የምሠራው፤ ፋይሎቼ የተቀመጡት ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አንዱን ከባድ ፋይል ለመክፈት ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ኬብል ነው። ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት።

ዕቅዱን በወረቀት አወጣሁ። እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ኬብል ይኖረዋል፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከሶኬት ወደ ሶኬት መቀጣጠል የለም። መሰብሰቢያው ኮሪደር ላይ ያለው የግድግዳ ቁም ሣጥን ነው፤ ደረቅ ነው፣ ሶኬት አጠገቡ አለ፣ ከሁሉም ክፍል መሐል ነው። ሞደሙን ግን አላዛውረውም። የፋይበር ክር ከተቆረጠ የሚቀጥለው ልዩ ማሽን ነው፤ በቦታው ይቆይና ከእሱ ወደ ቁም ሣጥኑ አንድ ካት 6 ኬብል (ስምንት ሽቦ በአራት ጥንድ የተገመደበት የኔትወርክ ኬብል) ይሄዳል።

ሞደሙ አንድ፣ ሳሎን ሁለት፣ የሥራ ክፍል ሁለት፣ መኝታ ቤት አንድ፣ በር የሚያየው ካሜራ አንድ፣ ወደ ሰርቪስ ቤት አንድ። ባለ 8 ፖርት ስዊች (ኬብሎቹን ሁሉ እርስ በርስ የሚያገናኘው ባለ ብዙ ቀዳዳ ሣጥን) ልክ ይሞላል። ባለ 16ቱ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ተውኩት። ወደፊት ካስፈለገ ከባለ 8ቱ ሥር ሌላ ትንሽ ስዊች ይጨመራል፣ ለቤት ያህል ምንም አይጎዳም።

መጋቢት፣ ሦስተኛ ሳምንት። ኬብል ግዢ

ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ መሆን አለበት ብዬ ነው የወሰንኩት። ስዊች ቢበላሽ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው። ኬብል ግን ኮርኒስ ውስጥና ልስን ሥር ተቀብሮ ከአሥር ዓመት በላይ ይቀመጣል።

ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ዞርኩ። መጀመሪያ የቀረበልኝ ካርቶን ካት 6 ተብሎ የተጻፈበት፣ 305 ሜትር፣ 9,500 ብር ነው። ባለሱቁን ጫፉን ልላጨው ብዬ ጠየቅሁት፣ ፈቀደ። ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱን በምላጭ ስፍቀው ከቀዩ ሥር ነጭ ወጣ። ይህ ሲሲኤ የሚባለው ነው፦ አሉሚኒየም ሆኖ በስሱ መዳብ የተቀባ። ሙሉ መዳብ ቢፋቅ እስከ ውስጡ ቀይ ነው።

የሲሲኤ ጉዳቱ ሦስት ነገር ላይ ይታያል። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከመዳብ ግማሽ ያህል ይበልጣል፤ በኬብሉ ላይ ኤሌክትሪክ ለካሜራ ሲላክ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ሽቦውም ይሞቃል። ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ሶኬቱ ውስጥ የተነከሰበት ቦታ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል። ደሴ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ጉም የሚገባበት አገር ነው። ስታንዳርዱም ካት 6 ብሎ የሚቀበለው ሙሉ መዳቡን ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ሲሆን ምላጩ ይፈርዳል።

ካርቶኑ ያልተከፈተ ከሆነ በሚዛንም ይለያል። ባለ 23 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ካት 6 በ305 ሜትር ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ከ5 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሲሲኤ ከሆነ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ካርቶኖች በሁለት እጅ ያነሣ ሰው ያለ ሚዛንም ያውቀዋል።

ሙሉ መዳቡ ሌላ ሱቅ ተገኘ፤ ካርቶኑ 23,000 ብር ነው። እንደ ልኬቴ የምፈልገው ከ170 ሜትር ብዙ አይበልጥም። ባለሱቁ በሜትር 85 ብር ሂሳብ 180 ሜትር ቆረጠልኝ፣ 15,300 ብር። ኬብሉ ላይ በየሜትሩ ቁጥር ታትሟል፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር አይቶ መቀነስ ነው፣ በክንድ መለካት አያስፈልግም።

ቤት ስደርስ በመልቲሜትር አረጋገጥኩት። 40 ሜትር ከሆነው ቁራጭ ላይ ሁለት ሽቦዎችን በአንዱ ጫፍ አገናኝቼ በሌላው ጫፍ ለካሁ። የመለኪያውን ገመዶች ራሳቸውን ስቀንስ 5.3 ኦም ሆነ። የ23 ጌጅ መዳብ በሜትር 0.067 ኦም ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 80 ሜትር ልክ እዚያው ላይ ያርፋል። ሲሲኤ ቢሆን ከ8 ኦም በላይ ያነብ ነበር። አሁን ልቤ አርፎ መቅበር እችላለሁ።

ሌላው ዕቃ፦ ባለ 8 ፖርት ጊጋቢት ስዊች 4,600 ብር፣ ባለ 5 ፖርት ጊጋቢት ስዊች 3,200 ብር፣ የግድግዳ ሶኬቶች፣ መቆንጠጫ ፒንሳ፣ ሶኬት ላይ ሽቦ መምቻ፣ 20 ሚሊ ሜትር ኮንዲዩት፣ ፊሸርና ቪቲ። ስዊች ሲገዛ ጊጋቢት (በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት) የሚለውን ማንበብ ግድ ነው። መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ በ100 ሜጋቢት የሚቆመው ርካሹ ከጎኑ ተደርድሯል።

ሚያዝያ፣ መጀመሪያ። ኮርኒስ ውስጥ

መጀመሪያ ያሰብኩት የድንጋዩን ግድግዳ በረጅም ፑንታ መብሳት ነበር። አባቴ «የአያትህን ግድግዳ አታቁስል» አለኝ። እውነቱን ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ድሪል ሲንቀጠቀጥበት ውስጥ ለውስጥ ይላቀቃል፤ ቀዳዳው አንድ ይሁን እንጂ የሚፈታው ግድግዳ ሰፊ ነው። ኮርኒሱን ከፍቼ ወጥቼ ሳይ ግድግዳው አናት ላይ፣ ከጣሪያው እንጨት ሥር፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሁሉም ኬብል በዚያ አለፈ። ድንጋዩ አልተነካም።

ኮርኒሱ ውስጥ የድሮው የመብራት መስመር ልቅ ሆኖ ተዘርግቷል። የኔትወርክ ኬብል ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ኮንዲዩት አይገባም፤ ለደኅንነትም፣ የ220 ቮልቱ መስመር ለሚያመጣው ረብሻም። የእኛን በሌላው ወገን ወሰድነው። ጎን ለጎን በሚሄዱበት ቦታ ከ30 ሴንቲ በላይ ራቁ፣ መሻገር ግድ በሆነበት ቦታ በመስቀለኛ ተሻገሩ።

ኬብሉን ባዶውን ኮርኒስ ላይ ማንጠፍ ይቀል ነበር፣ ግን አይጥ አለ። የድሮው የአንቴና ሽቦ ሁለት ቦታ ላይ ተግጦ አገኘነው። ስለዚህ ሁሉም በኮንዲዩት ውስጥ ገባ። ወንድሜ ያመጣው ሐሳብ ጥሩ ነበር፦ ኬብል በገባ ቁጥር ከጎኑ ሲባጎ አብሮ ይገባና እዚያው ይቀራል። ነገ ሌላ ኬብል ሲያስፈልግ በሲባጎው መሳብ ብቻ ነው።

ወደ ታች ሲወርድ ሁለት መንገድ ተጠቀምን። በብሎኬቱ ክፍል ልስኑን በስካርፔሎ ቦይ አውጥተን ኮንዲዩቱን ቀብረን መልሰን ለሰንነው። በድንጋዩ ክፍል ላይ ላዩን የሚለጠፈውን ነጭ የፕላስቲክ ካናል አደረግን፤ እናቴ ቀለሙን ከግድግዳው ጋር አንድ አድርጋ ቀባችው፣ አሁን ካልተነገረው በቀር የሚያየው ሰው የለም። ኬብሉ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ ከውፍረቱ ቢያንስ አራት እጥፍ በሆነ ዙር ነው የሚዞረው። በየሣጥኑ 30 ሴንቲ ትርፍ ተትቷል። የእያንዳንዱ ሁለት ጫፍ ላይ በናስትሮ ቁጥር ተጽፏል። ሥራው መሐል የበልግ ዝናብ መጣ፤ ቆርቆሮው አንድ ቦታ ላይ እንደሚያፈስ የታየው ያኔ ነው። የመሰብሰቢያው ቁም ሣጥን ከዚያ ርቆ በመሆኑ ምንም አልሆነም፣ ቆርቆሮው ግን በሳምንቱ ተጠገነ።

ሚያዝያ፣ ሦስተኛ ሳምንት። ጫፍ ማሰር

ግድግዳ ውስጥ ያለው ኬብል ወፍራም አንድ ወጥ ሽቦ ስለሆነ የሚታሰረው ሶኬት ላይ ነው። ከሶኬት ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ሲታጠፍ ሲዘረጋ የሚችለው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አጭር ገመድ ነው። በሁለቱም ጫፍ ያደረግነው ቲ568ቢ የሚባለውን አሰላለፍ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥንዶቹ የተገመዱበት ምክንያት አንዱ የሌላውን ረብሻ እንዲሽር ስለሆነ፣ ሲፈቱ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ መፈታት የለባቸውም። ሶኬቱ ድረስ ተገምደው ይሂዱ።

ወንድሜ ከጓደኛው የተዋሰውን ቴስተር ይዞ መጣ፤ ለስምንቱ ሽቦዎች በየተራ መብራት የሚያበራ መሞከሪያ ነው። አዲሶቹ መስመሮች ከ1 እስከ 8 በተራ በሩ። መኝታ ቤት ብቻ 8ኛው አልበራም፤ መምቻው ሽቦውን ከሶኬቱ ጥርስ ላይ ቆርጦት ኖሯል። ከተተወው ትርፍ ላይ ተስቦ እንደገና ታሰረ። አንድ ሽቦ ብትጎድል ኔትወርኩ አይሞትም፣ ይህ ነው የሚያታልለው። 100 ሜጋቢት የሚፈልገው አራት ሽቦ ብቻ ነው (1፣ 2፣ 3ና 6)፣ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን አሥር እጅ ወርዶ ይቀራል። ማወቂያው ኮምፒውተሩ ላይ የኔትወርኩን የሊንክ ፍጥነት ማንበብ ነው፤ 100 የሚል ከሆነ ሽቦ ፍለጋ መግባት ነው።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የበላው ከሞደሙ እስከ ኮሪደር ድረስ ከዓመታት በፊት ሌላ ባለሙያ የዘረጋው አሮጌ ኬብል ነው። ደህና መስሎኝ ላድነው ፈልጌ ነበር። ቴስተሩ ላይ ከ1 እስከ 8 ያለ አንዳች ጉድለት ይበራል። ከስዊቹ ጋር ሲያያዝ ግን አንዴ ጊጋቢት ይላል፣ አንዴ 100 ይላል፣ ደግሞ ይቋረጣል። ሞደሙን ቀየርን፣ ስዊቹን ቀየርን፣ ያው ነው። በመጨረሻ ፕላጉን በባትሪ ብርሃን አየነው። ቀለሞቹ የተሰለፉት ጥንድ በጥንድ ነው፦ ብርቱካናማው ከነጩ፣ አረንጓዴው ከነጩ፣ ሰማያዊው ከነጩ፣ ቡናማው ከነጩ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቴስተሩ ስህተት አያይበትም። ግን 3ኛውና 6ኛው ጥንድ መሆን ሲገባቸው ከተለያየ ግምድ የመጡ ሽቦዎች ሆኑ፤ የአንዱ ጥንድ ሲግናል ወደ ሌላው ይፈስሳል። እንዲህ ያለውን ጉድለት የመብራት ቴስተር አያገኘውም፣ የሚገኘው ቀለሙን በዓይን በማየት ወይም መረጃ ልኮ ፍጥነቱን በመለካት ነው። ሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ በቲ568ቢ ሲታሰር መስመሩ ቀጥ አለ። ቆየት ያለ ኔትወርክ ያለው ሰው ስዊች ከመግዛቱ በፊት የፕላጉን ቀለም ይይ።

ግንቦት፣ መጀመሪያ። ግቢውን ማቋረጥ

28 ሜትር ለኬብል ምንም አይደለም። የካት 6 ወሰን 100 ሜትር ነው። ጥያቄው ርቀቱ አይደለም፣ መብረቅ ነው።

ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የማይሰማበት ቀን ጥቂት ነው። ያለፈው ክረምት የአንድ ጎረቤታችን ሞደምና ቴሌቪዥን በአንድ ከሰዓት ተቃጥለዋል፣ መብረቁ ግን ቤታቸውን አልመታም። መምታትም የለበትም። አጠገብ መውረዱ ብቻ ውጭ በተዘረጋ ረጅም ሽቦ ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ያስነሣል። የኔትወርክ ፖርት ውስጥ ያለችው መለያ ትራንስፎርመር የምትችለው 1,500 ቮልት ነው።

ሌላም አለ። ሰርቪስ ቤቱ መብራት የሚያገኘው ከዋናው ቤት በተሳበ ሁለት ሽቦ ነው፣ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) የለውም። ሁለት ቤት በመዳብ ሲያያዝ የመሬታቸው ቮልቴጅ የተለያየ ከሆነ ልዩነቱ መንገድ የሚያደርገው ያንኑ የኔትወርክ ኬብል ነው። ኤሌክትሪሻኑ ጎረቤታችን ከዙህር በኋላ መጥተው ቆጣሪውንና ሰርቪስ ቤቱን አዩልኝ። በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ ማድረግ እንደሚቻል፣ ግን መከላከያው የሚሠራው ጥሩ ኧርዝ ሲኖረው ብቻ እንደሆነ፣ ያለ ኧርዝ ሣጥን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። «አብሽር፣ ኧርዙን እኔ አበጅልሃለሁ። እስከዚያ መዳቡን ከጣሪያህ አታውጣው» አሉ።

ይህ ቃል የሥራው ደንብ ሆነ። መዳብ ከዋናው ቤት አይወጣም። ካሜራውንም በሩ ላይ ሳይሆን ከዋናው ቤት ክፈፍ ሥር አድርጌ ወደ በሩ አዞርኩት። ወደ ሰርቪስ ቤቱ የሚሄደው ፋይበር ይሆናል። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

የሚያስፈልገው ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የመዳቡን ሲግናል ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን ወደ መዳብ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን) እና ሁለት ጫፉ የታሰረለት 50 ሜትር ፋይበር ነው። ግዢው ላይ ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ኮንቨርተሮቹ ኤ እና ቢ ሆነው በጥንድ ነው የሚገዙት። በአንድ ክር ላይ አንዱ በ1310 ናኖሜትር ልኮ በ1550 ይቀበላል፣ ሌላው ተገላቢጦሽ። ሁለት ኤ ቢገዛ አይግባቡም። ሁለተኛ፣ የጫፉ ቀለም። የቤታችን ሞደም ላይ ያለው አረንጓዴ ጫፍ በ8 ዲግሪ ሰያፍ የተቆረጠ ነው፣ ኮንቨርተሮቹ የሚቀበሉት ሰማያዊውን፣ ቀጥ ያለውን። ሱቁ ውስጥ በብዛት ያለው አረንጓዴው ስለሆነ ልግዛ ብል ይሰጡኝ ነበር፤ ቢሰካም በመሐል ክፍተት ስለሚፈጠር ብርሃኑ ይባክናል። ሰማያዊው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ሦስተኛ፣ ጠፍጣፋው ጥቁር የፋይበር ኬብል ብዙ ጊዜ ከጎኑ የብረት ማንጠልጠያ ሽቦ አለው፣ ውስጡም የብረት ማጠናከሪያ ይኖረዋል። መዳብን ሸሽቶ በብረት ማገናኘት ትርጉም የለውም። እኛ ማንጠልጠያ የሌለውን፣ ማጠናከሪያው ብረት ያልሆነውን መረጥን። ኮንቨርተሮቹ ጥንዱ 5,800 ብር፣ ፋይበሩ 2,900 ብር።

በአየር ላይ ከማንጠልጠል መቅበር ተመረጠ። የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፕላስቲክን ቶሎ ይሰነጥቃል። ከሰኞ ገበያ 32 ሚሊ ሜትር ጥቁር የውሃ ቱቦ በጥቅልል ተገዛ። ቱቦው መሬት ሳይገባ፣ ግቢው ላይ ቀጥ ብሎ እንደተዘረጋ ሲባጎ አሳለፍንበት፤ ከተቀበረና ከታጠፈ በኋላ ይህ ሥራ በጣም ይከብዳል።

ቁፋሮው በዶማ ነው፣ ጥልቀቱ አንድ ክንድ። ላዩ ለስላሳ ነበር፣ ከታች ኮረት መጣ። ቀጥታው መንገድ የእናቴን ጌሾ ሥር የሚቆርጥ ስለሆነ ቱቦው በሰፊው ዞሮ አለፈ፤ አራት ሜትር ያህል ጨመረ፣ ጌሾው ዳነ። የውሃው መስመር የት እንደሚያልፍ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር። እዚያ ስንደርስ ዶማው ቀርቶ በእጅ ተቆፈረ። ቱቦው ወደ አንድ ወገን ተዳፋት እንዲኖረው ተደረገ፣ ሁለቱም ጫፍ ከመሬት ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ ቆመ፣ አፉ ውሃና አይጥ እንዳያስገባ ተደፈነ።

ፋይበሩ ሲሳብ ሲባጎው የሚታሰረው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከእሱ ኋላ ባለው የኬብሉ ሰውነት ላይ ነው። ጫፉ ከነክዳኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኋላ ይከተላል። እኔ ስስብ ወንድሜ ከወዲያ በእርጋታ ሰደደ። አንድም ቦታ አልያዘም። ሌላ ሲባጎ አብሮ ገብቶ ቱቦው ውስጥ ቀርቷል። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ቱቦው ላይ በአንድ ስንዝር ከፍታ ቢጫ ላስቲክ አነጠፍን፤ ነገ የሚቆፍር ሰው ላስቲኩን ሲያይ ይቆማል። አባቴ ደግሞ ከቤቱ ማዕዘን ጀምሮ በየመታጠፊያው ያለውን ርቀት ለክቶ ከቤቱ ካርታ ጀርባ ላይ ጻፈው።

ሁለቱ ኮንቨርተሮች ሲሰኩ የፋይበሩ መብራት ወዲያው በራ።

ግንቦት፣ ሦስተኛ ሳምንት። አድራሻና ቅንብር

ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከኮንቨርተሩ ባለ 5 ፖርት ስዊች፣ ከስዊቹ አንድ አሮጌ ራውተር ለዋይፋይ። አሮጌ ራውተር እንዲሁ ሲሰካ ሁለተኛ አለቃ ይሆናል፤ ሞደሙም እሱም ለስልኮች አድራሻ ያድላሉ፣ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል፣ የተሳሳተውን የያዘ ስልክ ኢንተርኔት የለም ይላል። ስለዚህ ከመሰካቱ በፊት ለብቻው ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ዲኤችሲፒ የሚባለው አድራሻ ማደያው ተዘጋ፣ አድራሻው 192.168.1.2 ሆነ (ሞደሙ 192.168.1.1 ነው)፣ ኬብሉም የገባው ዋን በሚለው ሳይሆን ላን በሚለው ፖርት ነው። ከዚያ በኋላ ራውተሩ አድራሻ አያድልም፣ ዋይፋይ ብቻ ይሰጣል። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ቤት ጋር አንድ ነው፤ ቻናሉ ግን ተለየ፣ አንዱ 1 ሌላው 11።

አንድ ምሽት የሁለቱም ቤት ኔትወርክ በአንድ ጊዜ ቆመ። የስዊቾቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት ያለ ማቋረጥ ይርገበገባሉ። እንዲህ ሲሆን ዙር ተፈጥሯል ማለት ነው፤ አንድ መልእክት በክብ እየዞረ ራሱን እያባዛ መስመሩን ይሞላዋል፣ ርካሽ ስዊች ደግሞ ይህን የሚቆርጥበት ዘዴ የለውም። ሰርቪስ ቤት ያለው ስዊች ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው የገመድ ጫፍ ባዶ ፖርት ውስጥ ገብቷል፣ ሁለቱም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ነበር። ሲነቀል ሁሉም ተመለሰ። ማንም ሰው ልቅ ጫፍ ካየ ቦታው ባዶው ፖርት ይመስለዋል። አሁን ስዊቹ ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ትርፍ ገመድም አይተውበትም።

ልኬቱን በአይፐርፍ አደረግሁ፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መረጃ እየላከ ፍጥነቱን የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ከሥራ ክፍሌ ወደ ሳሎን 941 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ከሰርቪስ ቤት ወደ ሳሎን 940። ጊጋቢት በተግባር የሚሰጠው ይህንኑ ነው፣ ቀሪው ለመልእክቱ ማሸጊያ ይውላል። ያ ቡና የሚያስጠብቀው ፋይል አሁን እንደተጫነ ይከፈታል።

አባቴ ኢንተርኔቱ ፈጠነ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከውጭ የሚገባው የከፈልንበት ጥቅል ያው ነው፣ ኬብሉ አይጨምረውም። የተለወጠው ያ ፍጥነት እስከ መጨረሻው ክፍል ሳይቀነስ መድረሱ ነው። የሚያየው የቴሌቪዥን ዜና ድሮ በየመሐሉ ይቆም ነበር፣ አሁን አይቆምም።

ሰኔ፣ መጀመሪያ። መብራት ሲጠፋ

ከመንገድ እስከ ቤት ያለው የፋይበር ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ስለዚህ ሰፈሩ መብራት ቢጠፋም የእኛ ሞደም ኃይል ካገኘ መስመሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሞደሙ፣ ስዊቹና ኮንቨርተሩ አንድ ላይ 15 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። መጀመሪያ የሞከርነው የኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ ሣጥን) ነው። ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይዟል፣ ግን 12ቱን ወደ 220 አንሥቶ የየዕቃው አዳፕተር እንደገና ሲያወርደው ብዙው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ነው የሰጠን።

ቀጥሎ የተሞከረው ያለ 220 በቀጥታ የሚሰጠው ትንሹ የራውተር ዩፒኤስ ነው። ይህኛው በሊቲየም ባትሪ ይሠራል፣ 12፣ 9 እና 5 ቮልት መውጫ አለው። የየዕቃውን ቮልቴጅ ጀርባው ላይ አንብቦ ማዛመድ ግድ ነው፤ የእኛ ሞደም 12፣ ስዊቹ 9፣ ኮንቨርተሩ 5 ነው። ባለ 5 ቮልቱ ኮንቨርተር ላይ 12 ቢሰካ ያበቃል፣ ቀዳዳቸው አንድ ዓይነት ነውና። በየሽቦው ጫፍ ላይ ቮልቱን በናስትሮ ጻፍኩ። ሰርቪስ ቤት በኩል ኮንቨርተሩም ስዊቹም 5 ቮልት ስለሆኑ ፓወር ባንክ ሞከርን። አንደኛው እየተሞላ ማውጣት አይችልም፣ መብራት ሲመጣና ሲጠፋ ለአፍታ ያቋርጣል፣ በዚያች አፍታ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይነሣል። የማያቋርጠው ዓይነት ተገኝቶ ተተካ።

ወጪው ተደምሮ 47,000 ብር አካባቢ ነው፤ ሲሦው የኬብሉ ነው። የእጅ ዋጋ የለበትም። ለሰው ቢሰጥ ቁፋሮው ብቻ ብዙ ያስከፍል ነበር። ሲሲኤውን ወስጄ ፋይበሩን በመዳብ ብተካ 15,000 ብር ያህል ይተርፈኝ ነበር፣ አልጸጸትበትም።

የቀረው ኧርዙ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ጎረቤታችን በዚህ ሳምንት የመዳብ ዘንግ ይተክላሉ፣ ቦታው ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነው ከውሃው ቧንቧ ሥር ተመርጧል፤ ሽቦው ከቆጣሪው ሣጥን ጀምሮ ወደ ኮሪደሩ ቁም ሣጥን ይመጣል። ሰርቪስ ቤቱ የራሱ ብሬከርና ሦስተኛ ሽቦ ያገኛል። ከዚያ ሁሉንም መስመሮች ደግሜ ለክቼ ቁጥሩን ቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ እለጥፋለሁ፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ክፍል እንደሆነም አብሮ።